ምን እንትከል? የት እንትከል? ለመሃል አዲስ አበባ ጓሮ

ከሦስት ዓመት በፊት፣ ጥቅምት ላይ፣ ዐሥራ ሁለት የቲማቲም ችግኝ ገዝቼ በደቡብ በኩል ባለው አጥራችን ሥር ተከልኩ። ቦታው ክረምቱን ዳመናው ገለጥ ባለ ቁጥር ፀሐይ ሲያገኝ አይቼዋለሁ። ፍግም አልሰሰትኩለትም። ኅዳር ሲገባ የአጥሩ ጥላ መጥቶ ተኛበት። ችግኞቹ ቀጫጭን ሆነው ወደ ላይ ተመዘዙ። ያበቡትም አበባቸውን አራገፉ። አንድ ፍሬ አልለቀምንም። እናቴ ከቤቱ ጎን የተከለችውን ጎመን ግን ያን ሰሞን ከጎረቤት ጋር ተካፍለነው እንኳ አላለቀም።

ጥፋቴ ችግኙን አስቀድሜ ገዝቼ ቦታ ፍለጋ መዞሬ ነው። ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ቦታውን አጠናሁ። ቀጥሎ ውሃውን ቆጠርኩ። ከዚያ የቤታችንን ድስት አሰብኩ። ችግኝ የምገዛው መጨረሻ ላይ ነው። እናንተም በዚሁ መንገድ እንድትሄዱ ደረጃ በደረጃ ላሳያችሁ። ሰፊ ግቢ አያስፈልግም። ፒያሳም፣ አራት ኪሎም፣ ልደታም፣ ካዛንቺስም ሦስት አራት ካሬ ሜትር ጥግ ያለው ሰው ሊሠራበት ይችላል።

አንደኛ፦ ጥላውን ተከታተሉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ስጡት የምለው ይህንን ነው። ሌላው ሁሉ ይስተካከላል። አፈር ይሻሻላል፣ ውሃ ይቀዳል። ፀሐይን ግን ከየትም አታመጡም።

መጀመሪያ አቅጣጫችሁን እወቁ። እንጦጦን ፊት ለፊት ስታዩ ወደ ሰሜን ዞራችኋል። ጀርባችሁ ወደ አቃቂ፣ ወደ ደቡብ ነው። ቀኝ እጃችሁ ምሥራቅ፣ ግራ እጃችሁ ምዕራብ ነው።

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው ያለችው። ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በአንድ መንገድ አትሄድልንም። ከመስከረም እስከ መጋቢት ድረስ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ዘንበል ብላ ታልፋለች። ሚያዝያ 5 አካባቢ ልክ አናታችን ላይ ትሆናለች። ከዚያ ወደ ሰሜን ታልፍና ነሐሴ መጨረሻ ላይ እንደገና አናታችን ላይ ትመለሳለች። ጥላው በክረምትና በበጋ ቦታ የሚቀያየረው በዚህ ምክንያት ነው። እኔን ያሳሳተኝም ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። 2 ሜትር ከፍታ ያለው አጥር ታኅሣሥ ላይ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወደ ሰሜን 1 ሜትር ከ25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ጥላ ይጥላል። ያው አጥር ሰኔ ላይ ጥላውን ወደ ደቡብ ያዞራል። ያኔ ግን ጥላው ግማሽ ሜትር ብቻ ነው። 6 ሜትር የሆነ ባለ አንድ ፎቅ ቤት ደግሞ ታኅሣሥ ላይ ወደ ሰሜን 4 ሜትር የሚጠጋ ጥላ አለው። ጎረቤታችሁ በደቡብ በኩል 15 ሜትር ሕንፃ ካቆመ፣ በጋው ላይ በእኩለ ቀን ብቻ ከ9 ሜትር በላይ ይሸፍንባችኋል። ጠዋትና ማታ ጥላው ከዚህም ይረዝማል። መሃል ከተማ ውስጥ በየሰፈሩ ሕንፃ እየወጣ ስለሆነ ይህንን አስቀድሞ ማወቅ ልፋት ያድናል።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ፀሐያማ ቀን ምረጡ። ቅዳሜ ወይም እሑድ ይሁን፣ ቤት የምትውሉበት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ውጡና ጥላው የሚያልቅበት መስመር ላይ ጠጠር ደርድሩ። 6 ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና፣ 9 ሰዓት ላይ እንደገና። ጠጠሩ ሦስት ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ የጡብ ስባሪ፣ አንዱ ቆርኪ። ማታ ላይ ግቢው ራሱ ካርታ ሆኖ ታገኙታላችሁ። በሦስቱም ሰዓት ከጥላ ውጪ የነበረው ቦታ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ ያገኛል ማለት ነው። በአንዱ ሰዓት ብቻ ብርሃን ያየው ሦስት ሰዓት ገደማ ያገኛል። በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ይህንኑ አንዴ ታኅሣሥ ላይ፣ አንዴ ግንቦት ወይም ሰኔ ላይ ማድረግ ነው። አንድ ዓመት መጠበቅ የማይሆንላችሁ ከላይ በሰጠኋችሁ ቁጥር አስሉት።

የጠዋት ፀሐይና የከሰዓት ፀሐይ እኩል እንዳልሆኑም ልብ በሉ። በክረምት እንደምናውቀው ብዙ ቀን ጠዋቱ ገለጥ ይላል፣ ከሰዓት ይጠቁርና ይዘንባል። ስለዚህ ፊቱ ወደ ምሥራቅ የሆነ ቦታ፣ ማለትም የምዕራቡ አጥር ሥር፣ በክረምት የተሻለ ብርሃን ያገኛል። የሌሊቱም እርጥበት ከቅጠሉ ላይ ቶሎ ይደርቃል። ቅጠሉ ቶሎ የደረቀ አትክልት በሽታ አይበዛበትም። ፊቱ ወደ ምዕራብ የሆነው ቦታ ደግሞ በጋ ላይ የከሰዓቱ ሙቀት ይበረታበታል። ውሃም ቶሎ ይጨርሳል።

ሁለተኛ፦ ግቢው ሌላ ምን ሥራ እንዳለው አስቡ

ከፀሐይ ቀጥሎ የሚመጣው ይህ ነው። የኛ ግቢ የአትክልት ቦታ ብቻ አይደለም። ጥሩ ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ብዙ ጊዜ ተይዟል። ልብስ የሚሰጣው እዚያ ነው። በርበሬና ሽሮ እህል የሚሰጣውም እዚያ ነው። ይህንን ሥራ ያለ ቦታ ካስቀራችሁት ነገ የአትክልቱ መደብ ላይ ሰሌን ይዘረጋበታል፤ ደግሞም ቅር የሚያሰኝ አይሆንም፣ ቤቱ የሚኖረው በዚያ ነውና። ከቤተሰቡ ጋር ተነጋገሩ። የልብስ ገመዱ ወደ ላይ ከፍ ቢል ሥሩ ላይ ቆስጣ መትከል ይቻላል። ነጠብጣቡ ግን ሳሙና ያለው እንዳይሆን ልብሱ በደንብ የተለቀለቀ ይሁን።

በዓልንም አስቡት። ለፋሲካ፣ ለገና፣ ለእንቁጣጣሽ በግ የሚታሰረው የት ነው? ገመዱ እስከ የት ይደርሳል? አንድ በግ በአንድ ሌሊት የሦስት ወር ሰላጣ ይጨርሳል። ዶሮ ያለው ቤት ደግሞ አዲስ የተዘራ መደብ ላይ ያለ አጥር ምንም እንዳይዘራ። ለስላሳ አፈር ያየች ዶሮ ዝም ብላ አታልፍም።

የግቢውን መሃል ክፍት ተዉት። ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን ይተከላል። ሠርግም ሲሆን እንዲሁ። እኛ ግቢ አንድ ጊዜ ሌሊት ላይ ድንኳን ሲተከል መሃል የነበረው የካሮት መደብ ተረገጠ። ማንም አልተናገረም፣ መናገርም አይገባም። ከዚያ በኋላ መደቦቻችን ሁሉ ጥግ ጥግ ይዘው ነው ያሉት። አጥር የተጠጋ መደብ ከአንድ ወገን ብቻ ስለሚደረስ ስፋቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ከሁለት ወገን የምትደርሱበት ከሆነ እስከ 1 ሜትር ከ20 ይሆናል። ከዚያ ከሰፋ ለመኮትኮት መደቡ ላይ መቆም ይመጣል። የተረገጠ አፈር ደግሞ ሥር አያሳልፍም።

ሦስተኛ፦ ውሃውን ቁጠሩ

ክረምት ላይ ውሃ ማንም አያሳስበውም። ከጥቅምት እስከ ጥር ግን ዝናብ የለም ማለት ይቻላል። በእነዚህ ወራት አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 6 ካሬ ሜትር ካላችሁ 30 ሊትር ነው፤ አንድ ተኩል ጀሪካን። ውሃ በፈረቃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣበት ሰፈር ከሆናችሁ ለቀሩት አምስት ቀናት ለአትክልቱ ብቻ 150 ሊትር ማጠራቀም አለባችሁ። ይህንን የምታስቀምጡበት በርሜል ወይም ሮቶ ከሌላችሁ መደቡን አሳንሱት። ሦስት ካሬ ሜትር በደንብ የጠጣ ስድስት ካሬ ሜትር ከተጠማ ይሻላል።

ከቆርቆሮ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ አትልቀቁት። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 400 ሊትር ይወርዳል፤ ሁለት ትልልቅ በርሜል ይሞላል። በበልግ፣ ዝናቡ መጣ ሄደ በሚልበት ጊዜ፣ ትልቅ እገዛ ነው። ነገር ግን አሸንዳ በሌለው ጣሪያ ጠርዝ ሥር መደብ አትሥሩ። ሐምሌ ላይ ከቆርቆሮው የሚወርደው ውሃ አፈሩን ጠርጎ ችግኙን ከነሥሩ ይነቅለዋል።

ምስርና አትክልት የታጠበበት ውሃ ለመደቡ ይሆናል። የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ግን ሳሙናና ዘይት ስላለበት በተለይ በጥሬው በሚበላ ነገር ላይ አይፍሰስ። ወንዝ አጠገብ ያላችሁ ደግሞ የወንዙን ውሃ ተዉት። የአቃቂ ገባሮች በከተማው ፍሳሽና በፋብሪካ ቆሻሻ የተበከሉ ናቸው። ቅጠላ ቅጠል ደግሞ ያንን ብክለት ወደ ውስጡ ይስባል። በጓሮዬ ልትከል ያልኩበት አንዱ ምክንያት ራሱ ይህ ነው። በምን ውሃ እንደበቀለ የማውቀውን ሰላጣ ለልጆች መስጠት እፈልጋለሁ።

ምንጊዜም መደባችሁን ወደ ውሃው አቅርቡ። በየቀኑ ቅጠል የምትቀጥፉበት ደግሞ ከማዕድ ቤት በር አይራቅ። ሩቅ ጥግ ያለ መደብ ይረሳል።

አራተኛ፦ ቆፍራችሁ እዩ

የመሃል ከተማ አፈር ብዙ ታሪክ አለው። አሮጌ ቤት ፈርሶበት ይሆናል። 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሩ። ሲሚንቶ፣ ሚስማር፣ የጠርሙስ ስባሪ ከበዛ እዚያው አትታገሉ። በብሎኬት ዙሪያውን ከፍ አድርጋችሁ ሌላ አፈርና ኮምፖስት ሙሉበት። መኪና ይጠገንበት የነበረና የተቃጠለ ዘይት የፈሰሰበት ቦታ ላይ የሚበላ ነገር አይተከል። አበባ ይሁንበት።

ጉድጓዱን ውሃ ሙሉና ተመልከቱ። ከሰዓታት በኋላ ውሃው እንደቆመ ካለ አፈሩ ዋልካ ነው። ዋልካ በክረምት ይጨቀያል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ ቦታ መደቡን ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ አድርጉ። ግቢው ተዳፋት ከሆነ መደቡ ተዳፋቱን አቋርጦ ይሁን እንጂ ቁልቁል አይዘርጋ።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በቆዩ ግቢዎች የጋራ ሽንት ቤት ጉድጓድ አለ። ከእሱ በታች ባለው ተዳፋት ላይ ሰላጣም ካሮትም አትትከሉ። ክረምት ላይ ጉድጓዱ ሞልቶ ሲንጠባጠብ የት እንደሚሄድ አይታወቅም። ሌላ ቦታ ከሌለ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ውስጥ፣ በባልዲ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት ትከሉ።

አምስተኛ፦ ድስታችሁን አስቡ

አሁን ወረቀት አውጡ። ባለፉት ሁለት ሳምንታት ቤታችሁ የገባውን አትክልት በሙሉ ጻፉ። ልትበሉ የምትመኙትን ሳይሆን የበላችሁትን። እኔ አንዴ በፓኬቱ ላይ ባለው ሥዕል ተስቤ ብሮኮሊ ዘርቼ ነበር። አምሮ በቀለ። ቤት ውስጥ ግን ማንም አልለመደውምና ሁለት ጊዜ ተበልቶ ቀረ። ያ ቦታ ለሦስት ወር ጎመን ይሰጠን ነበር።

ከዝርዝሩ ውስጥ የምትመርጡት በሦስት ጥያቄ ነው። በየሳምንቱ እንበላዋለን? ተቆርጦ ሲያድር ይበላሻል? ትንሽ ቦታ ላይ ብዙ ጊዜ ይሰጣል? ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ለሦስቱም አዎ የሚባልላቸው ናቸው። ቀይ ሽንኩርት በየቀኑ እንበላዋለን፣ ግን ከመቂና ከባቱ መጥቶ ገበያ ላይ ይገኛል፣ ቤት ውስጥም ይቆያል። አንድ ቤተሰብ በሳምንት የሚጨርሰውን ሽንኩርት ለማብቀል የሚፈጀው መሬት በመሃል ከተማ ግቢ አይገኝም። ድንችም እንዲሁ ነው። ድንች የምትወዱ አንድ ሁለት ከረጢት ለልጆች ደስታ ትከሉ። ለምግብነት አትቁጠሩት።

ቃሪያ፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ኮሰረት፣ የጥብስ ቅጠል ጥቂት ቦታ ይዘው ዓመቱን ሙሉ የሚያገለግሉ ናቸው። የቡና ሰዓት ላይ ጤና አዳም ፍለጋ ሱቅ መላክ አይቀርም ነበር። አንድ ሥር ተክሎ መገላገል ነው።

ለጾም መቁጠርም ይረዳል። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል። ጎመንና ቆስጣ ከተተከሉ ከ45 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ መቀጠፍ ይጀምራሉ። ስለዚህ ችግኙ ከመስከረም 15 እስከ 25 ባለው ጊዜ መሬት መያዝ አለበት። ለዐቢይ ጾም ታኅሣሥ ላይ ይተከላል፤ 55 ቀን ሙሉ ቅጠል እንዲሰጥ በሁለት ዙር፣ በሦስት ሳምንት ልዩነት። ለፍልሰታ ደግሞ ሰኔ ላይ። ረመዳን የምትጾሙ ጾሙ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ ቀኑን አይታችሁ ሁለት ወር ወደ ኋላ ቁጠሩ። ለሾርባ የሚሆን የድንብላል ቅጠል፣ ለማፍጠሪያ የሚሆን ሰላጣ ያኔ ይደርሳል።

ስድስተኛ፦ አትክልቱን ከቦታው አገናኙ

ደንቡ ቀላል ነው። ፍሬው የሚበላ ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ፀሐይ ይፈልጋል። ሥሩ የሚበላ አምስት ሰዓት ያህል። ቅጠሉ የሚበላ በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ይኖራል።

ሙሉ ፀሐይ ያለው ቦታ በመሃል ከተማ ውድ ነው። ለጎመን አታባክኑት። ለቲማቲም፣ ለቃሪያና ለፎሶሊያ ስጡት። ከቦታው ሁሉ ምርጡ የቤቱ የደቡብ ግድግዳ ሥር ነው። በጋውን ሙሉ ፀሐይ ይመታዋል። የብሎኬት ወይም የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ይመልሰዋል። ይህ ለቲማቲም ትልቅ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ቀን ለቲማቲም አይከብደውም፣ የሚጎዳው ሌሊቱ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ነን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ቲማቲም ደግሞ ሌሊቱ ከ12 ወይም ከ13 ዲግሪ ሲያንስ አበባው ፍሬ መያዝ ይቸግረዋል። እኔ ጥቅምት ላይ መትከሌ ሁለተኛው ስህተት ነበር። አሁን ታኅሣሥ ላይ በመስኮት አጠገብ በሳጥን እዘራለሁ። ጥር መጨረሻ ላይ ግድግዳው ሥር አዛውራለሁ። አበባው ሞቅ ባሉት ወራት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ይደርሳል። ክረምት ሳይገባ እለቅማለሁ። ችግኝ ከችግኝ 50 ሳንቲ ሜትር ይራራቅ፣ እንጨት ይደገፍ። ትንንሽ ፍሬ ያለው ዝርያ ከትልልቁ ይልቅ ብርዱን ይችላል።

በሐምሌና በነሐሴ ቲማቲምም ድንችም ሜዳ ላይ አታስቀምጡ። ብርድና እርጥበት አብረው ሲመጡ ቅጠሉ በቀናት ውስጥ ጠቁሮ ያልቃል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታቸውም አንድ ነው። ቃሪያም ቤተሰባቸው ነው። ስለዚህ ዘንድሮ ከእነዚህ አንዱ የነበረበት መደብ ላይ በሚቀጥለው ዙር ሌላ ነገር ይተከል። ጎመን ቢሆን መልካም ነው። ጎመኑ ሲነሳ ደግሞ ፎሶሊያ።

በደቡብ አጥር ሥር ያለው የበጋ ጥላ፣ እኔ ቲማቲም ያከሰርኩበት ቦታ፣ ዛሬ የሰላጣና የቆስጣ ቦታ ሆኗል። ሰላጣ የበጋውን የቀትር ፀሐይ አይወደውም፤ ቶሎ ያብብና ይመራል። ጥላ ውስጥ ይለሰልሳል። ውሃም ይቆጥባል። ሰላጣ በ25 ሳንቲ ሜትር፣ ቆስጣ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተከላል። በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ስድስት የሰላጣ ችግኝ ማስገባት ሠላሳውን በአንድ ቀን ከመትከል ይሻላል። ሠላሳው በአንድ ጊዜ ደርሶ ማን ይጨርሰዋል?

ጎመን የትም ይኖራል ይባላል፣ እውነትም ነው። ግማሽ ቀን ፀሐይ ይበቃዋል። ለአምስት ሰው ቤተሰብ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት እግር ይበቃል። በ40 ወይም በ50 ሳንቲ ሜትር ትከሉት። የታችኛውን ቅጠል ብቻ ቅጠፉ፤ አናቱ ላይ አምስት ስድስት ቅጠል ይቅርለት። እንዲህ ከተያዘ ለወራት ይሰጣል። የጉራጌ ጎመን ቁመት ስለሚያወጣ ከሰሜን በኩል አስቀምጡት። በበጋ አጫጭሮቹን እንዳይጋርድ ነው። በጋ ላይ ከቅጠሉ ሥር ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ይሰፍርበታል። ጠዋት ጠዋት በውሃ ግፊት ማጠብ፣ በጣም የተወረረውን ቅጠል ቀጥፎ መጣል ብዙ ጊዜ ይበቃል። በየቀኑ ለሚቀጠፍ ነገር መርዝ አልመክርም።

ካሮትና ቀይ ሥር የለሰለሰ፣ ድንጋይ የሌለበት አፈር ካላችሁ ብቻ። ካሮት ችግኝ አይዛወርለትም፣ እዚያው ይዘራል። ሲበቅል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪራራቅ ማሳሳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አሳዝኖት ይተወዋል፣ ከዚያ ጅራት ብቻ ያወጣል። ነጭ ሽንኩርት በመደቡ ጠርዝ ዙሪያ፣ መስከረም መጨረሻ ላይ። አራት አምስት ወር ይፈጃል።

ዱባ ያላችሁበትን ቦታ ሁሉ የሚወርስ ነገር ነው። መደብ ውስጥ አታስገቡት። ጥግ ላይ አንድ እግር ተክላችሁ ወደ አጥሩ ወይም ወደ ማዕድ ቤቱ ጣሪያ አሳርጉት።

ወደ መንገድ ያለው አጥር ሥር አቧራና የመኪና ጭስ ይበዛል። ቅጠላ ቅጠል እዚያ አይሁን። የጥብስ ቅጠልም ቢሆን ወደ ውስጥ ይግባ። ትልቅ ባህር ዛፍ ወይም ጽድ አጠገብም አትልፉ። ሥሩ ሩቅ ድረስ መጥቶ ያጠጣችሁትን ውሃ ይወስዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ያለ ሰው በባልዲ ይትከል።

በረንዳ ብቻ ያላችሁ

ኮንዶሚኒየም ላይ የምትኖሩ በረንዳችሁ ወዴት እንደሚመለከት እዩ። ወደ ደቡብ ከሆነ ጥሩ የበጋ በረንዳ ነው፤ ቃሪያና ትንንሽ ቲማቲም ይሆንለታል። ወደ ሰሜን ከሆነ በበጋ ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም። ሰላጣም ይቸገራል። ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ግን ፀሐይዋ ወደ እናንተ ትዞራለች። ያኔ ቆስጣና ሰላጣ ይሞከራል። ወደ ምሥራቅ ያለው ለቅጠላ ቅጠል የሚመች ነው።

20 ሊትር የሚይዝ የቀለም ባልዲ በደንብ ታጥቦ፣ ሥሩ አምስት ስድስት ቦታ ተበስቶ፣ አንድ ቲማቲም ወይም ሁለት ቃሪያ ወይም ሦስት ቆስጣ ይይዛል። የተቆረጠ ጀሪካን ለሰላጣና ለበሶብላ ይበቃል። ባልዲ በበጋ ቶሎ ስለሚደርቅ በየቀኑ ማጠጣት ግድ ነው። ከታች ያሉት ጎረቤቶች ልብስ ላይ ጭቃ እንዳይንጠባጠብ ሥሩ ላይ ሳሕን አኑሩ።

ሰባተኛ፦ ሥዕሉን ሣሉና በትንሹ ጀምሩ

አሁን ወረቀት ላይ ግቢውን ሣሉ። ጥላውን፣ የልብስ ገመዱን፣ ቧንቧውን፣ በጉ የሚታሰርበትን፣ ድንኳን የሚተከልበትን አስገቡ። የተረፈው ቦታ ላይ የመረጣችሁትን ጻፉ። ለመጀመሪያው ዓመት ከአራት ዓይነት አይብለጥ። እኔን ብትጠይቁኝ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣና ቃሪያ እላለሁ። ጤና አዳም አልቆጠርኩም፣ እሱ ያለ ቁጥር ይግባ።

ለመጀመር ጥሩው ጊዜ የመስከረም መጨረሻ ነው። መሬቱ ውሃ ጠጥቷል፣ ሰማዩ ጠርቷል፣ በረዶው አልፏል። ሰኔ ላይ መጀመር የምትፈልጉ ጎመን ላይ ብቻ አተኩሩ። ሰላጣ በክረምት ካሰኛችሁ አሮጌ ስስ መጋረጃ በአራት እንጨት ላይ ወጥሩለት። የሐምሌ በረዶ ሲወርድ ቅጠሉን አይበሳሳውም። ችግኝና ዘር ከየሰፈሩ የችግኝ ጣቢያዎች ይገዛል። የወረዳችሁን የከተማ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ጠይቁ። ችግኝ ስትገዙ ትልቁን ሳይሆን አጭሩንና ወፍራሙን ምረጡ።

በየመደቡ ላይ የተከላችሁበትን ቀንና የመጀመሪያውን ቅጠል የቀጠፋችሁበትን ቀን ጻፉ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ ይበቃል። ከጎመኑ አንዱን፣ በጣም ያማረውን፣ ሳትቀጥፉት እንዲያብብ ተዉት። ሐበሻ ጎመን ከሆነ ዘሩ ሲደርቅ ግማሹ ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ግማሹን በወረቀት ጠቅልላችሁ ደረቅ ቦታ አስቀምጡ፣ ሰኔ ላይ ትዘሩታላችሁ።